ከአጥሩ ይልቅ የከበደኝ ጓደኛዬን ማሳመን ነበር

«እንዴት አመለጣችሁ?» ይሉኛል ታሪኬን የሰሙ ሰዎች። ልጆች ሳለን ተቆልፎብን ከምንሠራበት የሸማኔ ቤት አጥር ዘለልን። አለቀ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ቁመቱም ያን ያህል አልነበረም። ከባዱን ግን የሚጠይቀኝ የለም። አብሮኝ የነበረውን ልጅ እንዴት አሳመንኩት?

ስለሱ ነው የምጽፈው። ዛሬም በአዲስ አበባ ዳር ዳር በር ተቆልፎባቸው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ደመወዛቸውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የቤት ሠራተኞች አሉ። ጎረቤት ያያቸዋል። ዘመድ በስልክ ያገኛቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ልባቸውን የሚያውቀው አጠገባቸው የሚተኛው ልጅ ብቻ ነው። ሁሉም «ለምን አትወጣም?» ብሎ ይጀምርና ነገሩ እዚያው ይቀራል።

እኔ የጋሞ ደጋ ልጅ ነኝ፣ ከጨንቻ ወዲያ። ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእኛ ዘንድ ሽመና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። ወጣቱ አዲስ አበባ ሄዶ ይሸምንና ለመስቀል አዲስ ልብስ ለብሶ አገሩ ይገባል። ሽሮ ሜዳ የምትገዙት ጋቢና ቀሚስ ብዙው የዚህ ሰው የእጅ ሥራ ነው። አብዛኛው ሸማኔ በላቡ የሚያድር ጨዋ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ታሪኬን ሰምቶ ሙያውን የሚሰድብ ሰው ያናድደኛል።

በመሃል ግን ሌላ ዓይነት ሰው አለ። ለመስቀል ይመጣል። ጫማው ያብረቀርቃል። «ልጅህን ስጠኝ፣ ሙያ አስይዘዋለሁ፣ ማታ ማታ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ይላል። አባት ደግሞ የሩቅም ቢሆን ዘመድ ነው ብሎ ያምናል። እኔም እንደዚያ ነው የሄድኩት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ። 12 ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። ከበላያችን ባሕር ዛፍ ነው። ማታ ማታ ጅብ ሲጮህ እንሰማለን። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሸማኔ የሚቀመጠው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይልካል። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ እግር ያብጣል። እኔ ጀማሪ ስለነበርኩ ቀሰም በምትባል መጠቅለያ ላይ ማግ እጠቀልል ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ማታ ከአምፖሏ ሥር ዓይናችን እስኪያለቅስ እንሠራለን። በዓል ሲቃረብማ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ክር ከተበላሸ ዱላ ነው። የግቢው በር ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከሚስትየው መቀነት አይለይም። ሰውየውን ጋሼ፣ እሷን እትዬ እንላቸው ነበር።

ጓደኛዬ በሁለት ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይፈልግም። ከእኔ ብዙ ቀድሞ ነው የመጣው። ጥበብ ይሠራል፣ ያውም የሙሽራ ቀሚስ ጥበብ። ጋሼ የሚተማመንበት ልጅ እሱ ነበር። ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አማርኛም ከእኔ የተሻለ ይችላል። ለማምለጥ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ቢባል ማንም የሚገምተው እሱን ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ገና የገባ ሰው ውጪውን አልረሳም። የቆየው ግን ቤቱን ለምዶታል። ጋሼ ሲገባ ከእግሩ ኮቴ ዛሬ ይመታል ወይስ አይመታም ብሎ ይለያል። ይህም ዕውቀት ነው፤ ብዙ ዱላ የተከፈለበት ዕውቀት። ውጪ ሲወጣ ግን አይረባውም።

አንድ ማታ ከተኛንበት በቋንቋችን በሹክሹክታ «እንሂድ» አልኩት።

«የት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ዝም ብለህ ተኛ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

በነጋታው ማግ ስጠቀልል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይነግርብኝ ይሆን? አልነገረም። ከዚያ በፊት የተበላሸ ቀሰም ደብቄ አይቶኝ አፉን እንዳልከፈተ ስለማውቅ ነው የደፈርኩት። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ትልቁን ምስጢር ከማውጣታችሁ በፊት ሰውየውን በትንሽ ምስጢር ፈትኑት። የቱንም ያህል ብታዝኑለት፣ በትንሹ ያልታመነ ሰው ትልቁን አይሸከምም። ሰምቶ ዝም ካለ ግን፣ «እምቢ» ቢላችሁም ግማሹን መጥቷል ማለት ነው። ዝምታው ራሱ ድፍረት ነው፤ ቢታወቅበት ዱላው ለእሱም ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ በየማታው ምክንያት ይደረድርልኝ ጀመር። ፖሊስ ሌባ ብሎ ያስረናል። ጫካው ጅብ አለው። መርካቶ ላይ ልጅ ሰርቀው ዓይኑን አጥፍተው ያስለምኑታል። ልብ ብዬ ስሰማው ቃሉ ሁሉ የጋሼ ነው። አነጋገሩ ሳይቀር የጋሼ ነው። አንዱን ስመልስለት ሌላ ያመጣል። እኔም ቀስ በቀስ መመለሱን ተውኩት። እነዚህ አፉ ላይ ያሉት ናቸው እንጂ ልቡን የያዘው ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ።

ያን ሌላ ነገር ያገኘሁት ግድግዳው ላይ ነው። እሱ ከሚቀመጥበት ጀርባ፣ ጭቃው ላይ በሚስማር የተጫረ መስመር ነበር። ደርዘን ሲሞላ ከታች ይቀጥላል። የቁመት መለኪያ መስሎኝ ነበር። ስጠይቀው መጀመሪያ አፈረ። በኋላ ነገረኝ። እያንዳንዱ ጭረት አንድ ወር ነው። ጋሼ በየወሩ 30 ብር እቁብ እየጣለለት ነው። እቁቡ ሲወጣ ገንዘቡን ይዞ ለመስቀል አገሩ ይገባል። እንዲህ ተብሎ ስንት መስቀል አልፏል። «ዘንድሮ ነው» ይባላል፤ ዘንድሮም ያልፋል።

አያችሁ? ልጁ ፈሪ አልነበረም። ገንዘቡን ጥሎ መሄድ ነው ያቃተው። ባዶ እጅ ለመስቀል መግባት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እናት ቅቤ ይዛ ትጠብቃለች። እኩያህ ለአባቱ ጋቢ አምጥቷል። አንተ ምን ይዘህ ነው የምትገባው?

ሁለተኛም ነገር ነበረው። አባቱ ለጋሼ ቃል ሰጥቷል። የአባትን ቃል ማፍረስ እኛ ጎሜ የምንለው ነውር ነው፤ በቤት ላይ መዓት ያመጣል፣ ከብት ይሞታል፣ ሰው ይታመማል። የከተማ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «እቁብ የሚባል የለም፣ ያታልልሃል» ብዬው ቢሆን ኖሮ ይጠላኝ ነበር። ያን ሁሉ ወር ጭሯል። እኔ ትናንት የመጣሁ ልጅ ያን ሁሉ ወር በአንድ ቃል ላጠፋበት? ስለዚህ ጠየቅኩት ብቻ። «ስንት ደረሰልህ?» አልኩት። ሳያስብ፣ ከነሳንቲሙ ነገረኝ። «ታዲያ ከሱ ላይ የኮንጎ ጫማ መግዣ ብቻ ጠይቀው» አልኩት። በባዶ እግሩ ነበር። ጥያቄው ትንሽ ነው፣ ማንንም አያስጠረጥርም። ሥራ ጥሩ የሄደበትንና ጋሼ ደስ ያለውን ቀን ጠብቅ አልኩት።

የሚጠብቀው ቀን መጣ። ጋሼ አንድ ቀሚስ በጥሩ ዋጋ ሸጦ ገብቷል። ምሳ በልቶ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ ተቀምጧል። ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየ ጠየቀው። ጋሼ አልተቆጣም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ሳቀ። «የምን ገንዘብ?» አለ። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ በጣቱ ይቆጥርለት ጀመር። ከአገር ያመጣሁህ የመሳፈሪያ። የምትበላው። የምታድርበት። ዓምና ያበላሸኸው ማግ። የታመምክ ጊዜ የገዛሁልህ ኪኒን። ለአባትህ በእጁ የሰጠሁት። አንድ እጅ አልበቃ ብሎት ወደ ሌላኛው ተሻገረ። ሲጨርስ «ተሳስበን ብናየው ባለዕዳው አንተ ነህ፤ ግን ዘመድ ስለሆንን ዝም ብያለሁ» አለው። ፀጉሩን ዳበሰና ወጣ።

የሰው ፊት ሲከስም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ምንም አልተናገረም። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ እስከ ማታ ሠራ። ወሩ ሲያልቅ ግን ሚስማሩን አላነሳም። ሁለት ሌሊት አሳልፎ ራሱ ቀሰቀሰኝ።

«የት ነው የምንሄደው?» አለኝ።

እኔ አላሳመንኩትም፤ ጋሼ ነው ያሳመነልኝ። ዛሬ እህታቸው ወይም የሠፈራቸው ልጅ በሰው ቤት ተቆልፎባት ስትሠራ አይተው የሚጨነቁ ሰዎች ሲያማክሩኝ ይህንኑ እላቸዋለሁ። «ደመወዝሽን እያስቀመጥኩልሽ ነው» የሚባለው ነገር ከጋሼ እቁብ ጋር አንድ ነው። «ይበሉሻል» አትበሏት። «ለእናትሽ ትንሽ ላኪ፣ ከሱ ላይ ጠይቂ» በሏት። ከሰጧት እሰየው። ካልሰጧት ግን መልሱን በራሷ ጆሮ ትሰማለች። ዱላ የሚፈራበት ቤት ከሆነ ግን ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ለእሷ ተዉት፤ የቤቱን ሰው ፀባይ የምታውቀው እሷ ናት።

የአባት ቃል የሚለው ቀረ። እሱን በምን እንደምፈታው ብዙ አሰብኩ። ኋላ «አባትህ ቃል የሰጠው ምን ብሎ ነው?» አልኩት። «ሙያ እንድማር» አለ። «ታዲያ አልተማርክም? አሁን ከጋሼ የተሻለ ጥበብ የምትሠራው አንተ ነህ። ቃሉ ተፈጽሟል።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቆይቶ «እውነትህን ነው» አለ። በኋላ ላይ ያገር ሽማግሌዎች ሲሰሙት እነሱም የፈረዱት እንደዚያው ነው። እምነቱን ብነቅፍበት ኖሮ ከእጄ ያመልጠኝ ነበር።

«የት?» ለሚለው መልስ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብን። እኔ ክር ልሸከም ከጋሼ ጋር አልፎ አልፎ እወጣ ነበር። ስወጣ መንገዱን እይዛለሁ። ቁልቁል ከወረዱ አስፋልት አለ። የታክሲ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ! ፒያሳ!» ይላሉ። ወደ ላይ ጫካ ነው። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ወደ ጫካ ሮጦ ነው፤ መደበቂያ ይመስላል፣ ግን ሰው የለበትም። ሰው ያለበት ቦታ ይሻላል። የራሳችን አገር ሰው ቤት እንሂድ ብሎ ነበር ጓደኛዬ። እኔ ፈራሁ፤ ለጋሼ ያስረክበን ይሆናል ብዬ። ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ስለው ደግሞ እሱ ፈራ። እዚህ ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «ምንም ነገር ካልወሰድን ሌባ ሊሉን አይችሉም» በሚለው ተስማማን። ሐሳቡ የእሱ ነው። አንድ ክር እንኳ አይነካም። ይህ ምክር ወርቅ ነው። የተበደለ ሰው «የድካሜን ዋጋ» ብሎ አንድ ጋቢ ቢይዝ፣ ያን ጊዜ ከሳሹ ተከሳሽ ይሆናል።

ቀኑንም እሱ መረጠ። እትዬ በወር በገባ በ21 ለማርያም ጎህ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ትወጣለች። በሩን ከውጪ ቆልፋ ነው የምትሄደው። ጋሼ ደግሞ ጨርቅ ለነጋዴ ይዞ በማለዳ የሚወጣበት ቀን አለ። ሁለቱ እስኪገጥሙ ጠበቅን። በዋዜማው ጓደኛዬ የጀመረውን ነጠላ ጨርሶ፣ ቆርጦ፣ አጣጥፎ አስቀመጠ። «ለምን ትደክማለህ?» ስለው «የሰው ሥራ ተንጠልጥሎ አይቀርም» አለኝ። በልቤ «አሁንም አይሄድም» ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ መሰናበቱ ነው።

ጠዋት ወጡ። የክር ማዳበሪያ አምጥተን የቆርቆሮው ስለት እጃችንን እንዳይቆርጠን ላዩ ላይ ዘረጋን። ያን ጊዜ ቆመ። እግሩ አልታዘዝ አለው። «አንተ ሂድ፣ እኔ እከተልሃለሁ» አለኝ። ቀድሜ ብዘል እንደማይከተለኝ አወቅኩ። ጎንበስ አልኩና «ጀርባዬ ላይ ውጣ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ ላይ ሆነህ ካልጎተትከኝ አልወጣም» አልኩት። እውነትም አልወጣም ነበር። ወጣ፣ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ፣ እጄን ይዞ ሳበኝ። ለራሱ ያልተነሳው ልጅ ለእኔ ተነሳ። የሚያመነታውን ሰው ከኋላ አታስከትሉት። አስቀድሙት፣ ሥራም ስጡት።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መሃል ገባን። አንዷን «እናቴ፣ ፖሊስ ጣቢያ የት ነው?» ብዬ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቅኳት። ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ ተሸክማ ጎንበስ እንዳለች፣ ሳትቆም፣ «ተከተሉኝ» አለችን። ከተሸከመች ማውረድና መልሶ ማንሳት መከራ ነው፤ ጣቢያው በር ላይ ግን አወረደችው። በር ላይ የነበረው ዘብ ሊመልሰን ሲል የተሟገተችልን እሷ ናት። ውስጥ የሕፃናት ጉዳይ የሚያይ ክፍል ነበር። አንዲት ሴት ፖሊስ ሻይና ዳቦ አስመጣችልን። ጓደኛዬ ዳቦውን ሳይጨርስ አግዳሚው ላይ ተኛ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጠለያ ቆየን። እኔ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ቤቴ ገባሁ። እሱ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ አዲስ አበባ ቀረና፣ የሚከፍለው ሸማኔ ጋር ገባ። ኋላ የራሱን ዕቃ ተከለ። ጋሼ ተጠርቶ ነበር። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ ያላወቅነው ብዙ ነገር ነበር፤ ከእኛ በኋላ የወጣም ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዳጅ እንዳይሠራ ይከለክላል። የሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሥራ የለበትም። በሰው መነገድን የሚመለከተው አዋጅ 1178/2012 ሰውን በዕዳ ይዞ ማሠራትንም ይጨምራል። የጋሼ የጣት ሒሳብ ማለት ነው። ሕጉን ለልጁ ማንበብ ብቻውን አያስወጣውም። ግን «ዕዳ አለብኝ» ብሎ ሲጨነቅ፣ ያ ዕዳ እሱን ሳይሆን ሰውየውን እንደሚያስጠይቅ ብትነግሩት ትከሻው ይቀልለዋል።

ጎረቤት ከሆናችሁ በሩን አንኳኩታችሁ ባለቤቱን አትሳደቡ። እናንተ ስትሄዱ ልጁ እዚያው ነው የሚያድረው። ልጁ ውሃ ሊቀዳ ወይም ሱቅ ሲላክ ሰላም በሉት። ስሙን ጠይቁት። ከየት አገር እንደመጣ ጠይቁት፤ የመንደሩን ስም ካወቃችሁ ቤተሰቡን ማግኘት ይቻላል። እየተደበደበ ከሆነ ግን የእሱን ፈቃድ አትጠብቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስ በ991 ይገኛል። ለእሱም ይህንኑ ቁጥር ስጡት፣ በወረቀት ግን አይሁን፤ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይገኝበታል። ሦስት ቁጥር ናት፤ በቃሉ አስጠኑት። የፖሊስ ጣቢያውንም መንገድ ከቤቱ በር ጀምራችሁ፣ በየት ታጥፎ የቱን ሱቅ አልፎ እንደሚደርስ ንገሩት። «የት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።